ካርታና ኮምፒዩተር ሲጋቡ ነጋዴው ምን ያተርፋል?

የጂ.አይ.ኤስ. የመጀመሪያ ትምህርት ከደባርቅ እስከ መካነ ብርሃን በሚሄድ ምሳሌ

አንድ የገብስ ነጋዴ በስሜን ተራሮች ግርጌ የእህል መጋዘን ለመሥራት አስቧል እንበል። ሦስት ቦታዎች ታይተውታል፤ ዳባት፣ ደባርቅና መካነ ብርሃን። ዳባትና ደባርቅ ከጎንደር ተነስቶ በሊማሊሞ ወደ ሽሬ በሚዘልቀው ዋና መንገድ ላይ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። የጃናሞራዋ መካነ ብርሃን ግን ከተራራው ባሻገር ነች። ከደባርቅ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ በሳንቃበርና በጨነቅ አድርጎ፣ በቧሂት አጠገብ ከባሕር ወለል በላይ 4200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለፈ በኋላ ነው ቁልቁል የሚወርደው።

ነጋዴው ዕድሜ ያስተማረው ሰው በመሆኑ ገብሱ ከየት እንደሚመጣ፣ የትኛው ወንዝ በክረምት እንደማይሻገሩት፣ የትኛው ቀበሌ ገበሬ ወደ የትኛው ገበያ እንደሚወጣ ያውቃል። ችግሩ እውቀቱ በአእምሮው ብቻ መኖሩ ነው። ባንክ ሄዶ ብድር ሲጠይቅ፣ ወይም ከሸሪኩ ጋር ሲነጋገር፣ “አውቀዋለሁ” ከማለት በቀር የሚያሳየው ነገር የለውም። የዛሬው ጽሑፋችን ይህን የመሰለውን እውቀት በሥርዓት መዝግቦ፣ አስልቶና በካርታ ላይ አስፍሮ ስለሚያሳይ መሣሪያ ነው። ስሙ መልክዓ ምድራዊ የመረጃ ሥርዓት ይባላል፤ በእንግሊዝኛው ምሕፃር ጂ.አይ.ኤስ. በመባል በይበልጥ ይታወቃል።

ጂ.አይ.ኤስ. ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው ጂ.አይ.ኤስ. ሲባል “በኮምፒዩተር የተሠራ ካርታ” ይመስለዋል። ይህ ግማሹን ብቻ የሚናገር አባባል ነው። ካርታውን ብቻ ከሆነ በእጅም መሳል ይቻላል። ጂ.አይ.ኤስ.ን ልዩ የሚያደርገው እያንዳንዱን ቦታ ስለዚያ ቦታ ከሚናገር ሰንጠረዥ ጋር አስሮ መያዙ ነው። በካርታው ላይ አንዲት ነጥብ ሲነኩ የቦታው ስም፣ የሕዝቡ ብዛት፣ የገበያ ቀኑ፣ የመጋዘኑ ስፋት ብቅ ይላል። በሰንጠረዡ ላይ ደግሞ “ከ3000 ሜትር በላይ ያሉትን ቀበሌዎች አሳየኝ” ብለው ሲጠይቁት በካርታው ላይ ለይቶ ያበራቸዋል።

ሐሳቡ ለአገራችን ገበሬ እንግዳ አይደለም። ገበሬው ስለ ማሳው ሲጠየቅ በመጀመሪያ ቆላ ነው፣ ወይና ደጋ ነው፣ ደጋ ነው፣ ወይስ ውርጭ ነው ይላል። ይህ የከፍታ መረጃ ነው። ቀጥሎ ጥቁር አፈር ወይም ቀይ አፈር መሆኑን ይናገራል። ከዚያም ሜዳ ወይም ተዳፋት መሆኑን፣ በመጨረሻም ከውሃና ከመንገድ ምን ያህል እንደሚርቅ ይጨምራል። እነዚህን አራት ነገሮች በአእምሮው አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ “እዚህ ገብስ፣ እዚያ ባቄላ” ሲል ይወስናል። ጂ.አይ.ኤስ.ም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ከፍታው አንድ ንብርብር፣ አፈሩ አንድ ንብርብር፣ መንገዱ አንድ ንብርብር፣ የቀበሌው ወሰን አንድ ንብርብር ሆነው ይመዘገባሉ፤ ኮምፒዩተሩ ደራርቦ ያነባቸዋል።

ሥርዓቱ የተጠነሰሰበት ታሪክም ከምሥራቅ አፍሪካና ከገበያ ጋር የተያያዘ መሆኑን ብዙዎች አያውቁም። እ.ኤ.አ. በ1960 አካባቢ ሮጀር ቶምሊንሰን የተባለ የጂኦግራፊ ባለሙያ ይሠራበት የነበረ የካናዳ የአየር ቅየሳ ኩባንያ፣ ኬንያ ውስጥ ለወረቀት ፋብሪካ የሚሆን ደን የሚተከልበትን ቦታ እንዲመርጥ ተጠየቀ። የአፈሩን፣ የዝናቡን፣ የተዳፋቱንና የመንገዱን ካርታዎች በእጅ ደራርቦ ማጥናት የሚጠይቀው ገንዘብ ከአቅም በላይ ሆነ። ቶምሊንሰን ይህን ሥራ ኮምፒዩተር ሊሠራው ይችላል የሚል ሐሳብ ያዘ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የካናዳ መንግሥት የመሬት ሀብቱን ለመመዝገብ ሐሳቡን ተቀበለውና የመጀመሪያው ጂ.አይ.ኤስ. ተወለደ። መነሻው የኛ ነጋዴ ጥያቄ ነበር ማለት ይቻላል፤ “ሥራዬን የት ላቋቁም?”

የቦታ አድራሻና የ200 ሜትር ወጥመድ

ኮምፒዩተር “ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ፣ ከዋርካው አጠገብ” የሚለውን አያውቅም። ቁጥር ይፈልጋል። ለዚህ ሁለት ዓይነት አድራሻ አለ። አንደኛው በትምህርት ቤት የተማርነው ኬክሮስና ኬንትሮስ ነው። ደባርቅ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 13 ዲግሪን አለፍ ብላ፣ በኬንትሮስ ደግሞ ወደ 38 ዲግሪ ምሥራቅ ተጠግታ ትገኛለች። ሁለተኛው ዩ.ቲ.ኤም. የሚባለው ሲሆን፣ ዓለምን በ60 ቀበቶዎች ከፍሎ አድራሻን በሜትር ይሰጣል። ደባርቅ፣ ዳባትና መካነ ብርሃን በ37ኛው ቀበቶ ውስጥ ናቸው። በሜትር ስለሆነ ለመሬት ልኬትና ለግንባታ የሚመቸው ይኸኛው ነው።

እዚህ ላይ አንባቢያችን ልብ እንዲሉት የምንፈልገው ነገር አለ። ገንዘብ የሚያስከፍል ስሕተት የሚፈጠረው በዚህ ነጥብ ላይ ነውና።

የመሬትን ቅርጽ በቁጥር ለመግለጽ ባለሙያዎች ስምምነት ያስፈልጋቸዋል፤ ከየት ተነስተን እንለካ? ይህ የልኬት መነሻ ዳተም ይባላል። በአገራችን የቆዩት የ1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በተባለው ዳተም ነው። ስያሜውን ያገኘው በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ከነበረ የልኬት ነጥብ ሲሆን፣ ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካኖች ትብብር የዓባይ ተፋሰስ በተጠናበት ወቅት ነው። ዛሬ በእጃችን ያለው ሞባይልና ጂ.ፒ.ኤስ. የሚባለው መሣሪያ ግን ደብሊው.ጂ.ኤስ. 84 በተባለ ሌላ ዳተም ይሠራል።

ልዩነቱ ምን ያህል ነው? በዩ.ቲ.ኤም. ሲሰላ፣ የአንዱ ቦታ ቁጥር በሁለቱ ዳተሞች መካከል በሰሜን አቅጣጫ 200 ሜትር ያህል፣ በምሥራቅ አቅጣጫ ደግሞ 90 ሜትር ያህል ይለያያል። ሁለቱ ሲጣመሩ 220 ሜትር ያህል ይሆናል። ከድሮ ካርታ ላይ የተነበበ ቁጥር ሳይለወጥ ጂ.ፒ.ኤስ. ውስጥ ቢገባ፣ መሣሪያው ባለቤቱን ከትክክለኛው ቦታ በስተደቡብ ምዕራብ 220 ሜትር ርቆ ያቆመዋል።

አንድ ሄክታር ማለት በጎንና በጎኑ 100 ሜትር የሆነ ማሳ ነው። ስለዚህ ስሕተቱ ከሁለት ሄክታር ማሳ ጎን ይበልጣል። ለመጋዘን አንድ ሄክታር የተመራ ባለሀብት ቁጥሩን አሳስቶ አጥሩን ቢያጥር፣ ያጠረው የራሱን መሬት ሳይሆን የማያውቀውን ገበሬ ማሳ ነው። በርስት ቀልድ እንደሌለ ደግሞ የሰሜን ሰው ብቻ ሳይሆን መላው ኢትዮጵያዊ ያውቀዋል። በመሆኑም የቦታ ፕላን የሚቀበል ሰው ሁሉ ከቁጥሮቹ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ “ይህ በየትኛው ዳተም ነው?” መልሱ በፕላኑ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት።

ነጥብ፣ መስመር፣ ክልልና ጠጠር

ጂ.አይ.ኤስ. የምድርን ነገሮች የሚመዘግበው በሁለት መንገድ ነው።

የመጀመሪያው በነጥብ፣ በመስመርና በክልል ነው። የዳባት ገበያ ነጥብ ነው፤ የሊማሊሞ መንገድ መስመር ነው፤ የአንድ ቀበሌ ወሰን ደግሞ የተዘጋ ክልል ነው። ይህ ዘዴ ወሰናቸው ተለይቶ ለሚታወቅ ነገሮች ይመቻል።

ሁለተኛው ምድርን በእኩል ካሬዎች መሸንሸን ነው። ወለልን በእኩል ጠጠር ንጣፍ እንደ መሸፈን ቁጠሩት። እያንዳንዱ ካሬ ፒክስል ይባላል፤ በውስጡም አንድ ቁጥር ይይዛል። ቁጥሩ ከፍታ፣ ሙቀት ወይም የቀለም ልክ ሊሆን ይችላል። የሳተላይት ፎቶግራፍ የሚመዘገበው በዚህ ዓይነት ነው።

የፒክስሉ ስፋት ለነጋዴ ለምን ያስፈልገዋል? በጎንደርና በጎጃም ገበሬ አንደበት አንድ ጥማድ የሚባለው መሬት ሩብ ሄክታር ያህል፣ ማለትም 2500 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ላንድሳት የተባለው የአሜሪካ ሳተላይት ፒክስል በጎኑ 30 ሜትር ስለሆነ አንድ ጥማድ ውስጥ የሚገባው ሦስት እንኳ አይሞላም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2019 ከቻይና የመጠቀችው የአገራችን የመጀመሪያ ሳተላይት ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ.-1 ፒክስል 13.75 ሜትር ስለነበረ 13 ያህል ይገባል። ሴንቲኔል-2 የተባለው የአውሮፓውያኑ ሳተላይት ደግሞ 10 ሜትር ፒክስል ስላለው 25 ይገባል። ስለዚህ “በሳተላይት የእያንዳንዱን ገበሬ ገብስ ቆጥሬ እነግርሃለሁ” የሚል ሰው ሲመጣ፣ የፒክስሉን ስፋት ጠይቆ በራስ ሒሳብ ማመዛዘን ይቻላል።

መረጃው ከየት ይገኛል?

በድሮው ጊዜ ለአንድ ነጋዴ ይህን ሁሉ መረጃ ማግኘት የማይታሰብ ነበር። ዛሬ ብዙው በነፃ ይገኛል።

አንደኛ፣ ካርታ። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የካርታ መሥሪያ ቤት፣ ለብዙ ዓመታት የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ድርጅት በመባል ሲታወቅ ቆይቶ፣ ሥራው ዛሬ በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥር ነው። የ1፡50,000 ካርታ በላዩ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ማለት በምድር ላይ 1 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በዚያ ካርታ ላይ በእርሳስ የተሳለ የግማሽ ሚሊ ሜትር መስመር በምድር ላይ 25 ሜትር ይሸፍናል። ስለሆነም ይህ ካርታ ለመንገድና ለተፋሰስ ጥናት እንጂ ለማሳ ወሰን አይሆንም። ስሜንን በተመለከተ ደግሞ በስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1፡100,000 መስፈርት ያዘጋጁት የተራሮቹ ካርታ ለተጓዦችና ለአስጎብኚዎች የታወቀ ነው።

ሁለተኛ፣ ከፍታ። እ.ኤ.አ. የካቲት 2000 ኢንዴቨር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀናት ውስጥ አብዛኛውን የዓለም የብስ ከፍታ በራዳር ለክታለች። ኤስ.አር.ቲ.ኤም. የተባለው ይህ መረጃ በ30 ሜትር ፒክስል ለማንም ክፍት ነው። ከዚህ ላይ ኮምፒዩተሩ ተዳፋትንና የውሃ መውረጃን ራሱ ያሰላል። የመለኪያ ዘዴ መሻሻል ምን እንደሚለውጥ ለማየት ራስ ደጀንን መመልከት ይበቃል። በቆዩ መጻሕፍት 4620 ሜትር የተባለው ተራራ በኋለኞቹ ልኬቶች ወደ 4550 ሜትርና ከዚያም በታች ወርዷል። ተራራው ባለበት አለ፤ የተለወጠው መለኪያው ነው።

ሦስተኛ፣ የሳተላይት ፎቶግራፍ። ላንድሳት ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምድርን ሲያነሳ የኖረ ሲሆን፣ ፎቶግራፎቹ ከ2008 ወዲህ ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። አንድ ሰው የደባርቅን ዙሪያ የዛሬ 30 ዓመትና ዛሬ ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ይችላል። ችግሩ ክረምት ነው። እህሉ በሚያድግበት ጊዜ ስሜን በደመና ይሸፈናል፤ ተራው ሳተላይት ደግሞ ከደመና በታች አያይም። በዚህ ጊዜ የሚረዳው ደመናን ሰንጥቆ የሚያልፈው የራዳር ሳተላይት ነው።

አራተኛ፣ ጂ.ፒ.ኤስ.። እስከ ግንቦት 2000 እ.ኤ.አ. ድረስ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪሉ የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብሎ ያደበዝዘው ስለነበረ ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ይህ ከተነሳ ወዲህ ተራ ሞባይል እንኳ በገላጣ ቦታ በጥቂት ሜትሮች ልዩነት ይለካል። በገደል ሥር ግን የሰማዩ ግማሽ ስለሚሸፈንና ምልክቱም ከአለቱ እየነጠረ ስለሚመጣ ስሕተቱ ይጨምራል። ስሜን ውስጥ የሚለካ ሰው ይህን አይዘንጋ።

አምስተኛ፣ ሶፍትዌር። ኪው.ጂ.አይ.ኤስ. የተባለው ፕሮግራም ያለ ክፍያ የሚገኝ ሲሆን፣ በመካከለኛ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። ለጀማሪ ነጋዴ ከበቂ በላይ ነው።

ወደ ነጋዴያችን እንመለስ

ነጋዴው ሦስቱን ከተሞች እንደ ነጥብ፣ መንገዶቹን እንደ መስመር፣ ከፍታውን እንደ ፒክስል አስገባ እንበል። በመጀመሪያ የማይሆኑትን ቦታዎች ያስወጣል። ከዋናው መንገድ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቅ ይውጣ፤ ተዳፋቱ የከፋ ይውጣ፤ ለወንዝ የቀረበ ይውጣ፤ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ያለ ይውጣ።

ይህ የመጨረሻው በተለይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ሲቋቋም 136 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበረ፤ በኋላ ወደ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ሰፍቷል። በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ ሲሆን፣ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ በ2017 ወጥቷል። የድሮውን ወሰን ይዞ ሎጅ ወይም መጋዘን የሚያቅድ ሰው ዕቅዱ በወረቀት ላይ ትክክል መስሎ ሊታየው ይችላል፤ በአዲሱ ወሰን ግን ከፓርኩ ውስጥ ያርፋል።

ቀጣዩ ጥያቄ ርቀት ነው። ብዙ ሰው በካርታ ላይ ከከተማው ተነስቶ የ10 ኪሎ ሜትር ክብ ይሥልና “በዚህ ውስጥ ያለው ገበሬ ሁሉ የኔ ደንበኛ ነው” ይላል። ሜዳ አገር ላይ ይህ ያስኬዳል። በስሜን ግን አያስኬድም።

እ.ኤ.አ. በ1892 ናይስሚዝ የተባለ የስኮትላንድ ተራራ ወጪ ያወጣው ቀላል የሒሳብ ዘዴ አለ። በእግር በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት ደግሞ ተጨማሪ 1 ሰዓት ይታሰባል። ሁለት መንደሮች ከገበያው እኩል 10 ኪሎ ሜትር ይርቃሉ እንበል። የመጀመሪያው መንደር መንገድ ሜዳ ነው፤ 2 ሰዓት ይወስዳል። ሁለተኛው ከሸለቆ ስለሆነ ወደ ገበያው ሲመጡ 1200 ሜትር አቀበት አለበት፤ 2 ሰዓት ለርቀቱ፣ 2 ሰዓት ለአቀበቱ፣ በድምሩ 4 ሰዓት ይሆናል።

አሁን ወደ ገንዘብ እንለውጠው። አንድ የጭነት አህያ ግማሽ ኩንታል ትጭናለች፣ በቀን 8 ሰዓት ትሠራለች፣ የቀን ኪራይዋም 400 ብር ነው ብለን ለሒሳብ ያህል እንያዝ። ከመጀመሪያው መንደር ደርሶ መልስ 4 ሰዓት ስለሆነ በቀን ሁለት ጊዜ ትመላለሳለች፤ አንድ ኩንታል ታደርሳለች። የኩንታሉ ማጓጓዣ 400 ብር ይሆናል። ከሁለተኛው መንደር መምጫው 4፣ መመለሻው 2፣ በድምሩ 6 ሰዓት ስለሚሆን በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ትመጣለች። የኩንታሉ ማጓጓዣ 800 ብር ሆነ ማለት ነው። በካርታው ላይ እኩል የራቁት ሁለት መንደሮች በገበያ ሒሳብ እጥፍ ተለያዩ። የሸለቆው ገበሬ ገብሱን ለቅርብ ደላላ በርካሽ የሚሸጥበት ምክንያትም ከዚህ ይታያል።

ኮምፒዩተሩ ይህንኑ ስሌት ለእያንዳንዱ 30 ሜትር ካሬ ያደርገዋል። ውጤቱም ክብ ሳይሆን እንደ ተዘረጋ እጅ ጣቶች በሸንተረሩ ላይ የሚረዝም፣ በገደሉ በኩል የሚያጥር ቅርጽ ይሆናል። ነጋዴያችን ይህን ሲያይ ምናልባት አንድ ትልቅ መጋዘን ከመሥራት ይልቅ ዋናውን ደባርቅ ወይም ዳባት አድርጎ፣ በመካነ ብርሃን በኩል አነስተኛ መሰብሰቢያ ቢያቋቁም እንደሚያተርፍ ሊገነዘብ ይችላል። ጎንደር ላይ የብቅል ፋብሪካ ከተቋቋመ ወዲህ ለቢራ የሚሆን ገብስ ጥራቱ ተጠብቆ በጊዜው መድረሱ ዋጋ አለውና፣ የአንድ ቀን መዘግየትም በሒሳቡ ውስጥ መግባት ይኖርበታል።

መሬት፣ ደብተርና ብድር

በአማራ ክልል ጂ.አይ.ኤስ. ከሁሉ በላይ ወደ ተራው ሰው ቤት የገባው በመሬት ደብተር በኩል ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ለገበሬው የተሰጠው የመጀመሪያው የይዞታ ደብተር ማሳውን የሚገልጸው በአዋሳኝ ስም ነበር፤ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ መንገድ፣ በሰሜን ወንዝ ይላል። ስፋቱም በገመድ ወይም በግምት የተለካ ነበር። አዋሳኙ ሲሞት ወይም ወንዙ መንገዱን ሲለውጥ ደብተሩ ምስክርነቱ ይደክማል።

ሁለተኛው ደረጃ የምስክር ወረቀት ከዚህ የተለየ ነው። ከአውሮፕላን ወይም ከሳተላይት የተነሳ ፎቶግራፍ ከምድሩ ልኬት ጋር ተስተካክሎ በትልቅ ወረቀት ይታተማል። ባለይዞታውና አዋሳኞቹ በማሳው ላይ ቆመው ወሰኑን በፎቶግራፉ ላይ ያመለክታሉ፤ ይሰመራል። ከዚያ ወደ ቢሮ ተወስዶ በኮምፒዩተር ይገባል፤ እያንዳንዱ ማሳ የራሱ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ለሕዝብ ተለጥፎም ቅሬታ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ2014 በእንግሊዝ መንግሥት ገንዘብ የተጀመረውና በአራት ክልሎች የሠራው ፕሮግራም 14 ሚሊዮን ማሳዎችን በዚህ መንገድ ለመመዝገብ ያለመ ነበር። የ1፡2000 ካርታ ላይ የግማሽ ሚሊ ሜትር መስመር 1 ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ለማሳ ወሰን የሚበቃው ይህ ነው።

ለገበያው ትርጉሙ ብድር ነው። በሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ገበሬው መሬቱን ሸጦ መክፈል አይችልም። ሆኖም የክልሉ የ2009 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ባለይዞታው የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያስይዝ ፈቅዷል። አበዳሪው ደግሞ ሦስት ነገር ማረጋገጥ ይፈልጋል፤ ማሳው በእርግጥ አለ ወይ? ስፋቱ የተባለው ነው ወይ? በሌላ ብድር ተይዟል ወይ? በአዋሳኝ ስም ብቻ የተጻፈ ደብተር ለሦስቱም የተሟላ መልስ አልነበረውም። ቁጥርና ካርታ ያለው ማሳ ግን አለው።

ይሁንና ካርታው የማይናገረው ነገር አለ። ካርታው ማሳውን እንጂ ቤተሰቡን አያሳይም። በክልሉ ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስም የሚሰፍረው ለዚህ ነው። አበዳሪም ሆነ ተከራይ ካርታውን ከማየቱ ጋር የሁለቱንም ስምና ፈቃድ ማረጋገጥ ይገባዋል።

ሊዘነጉ የማይገባቸው ጥንቃቄዎች

ካርታ በኮምፒዩተር ተሠርቶ፣ በቀለም ተውቦ ሲቀርብ ሰው ያምነዋል። እምነቱ ከመሰጠቱ በፊት የሚከተሉትን መጠየቅ ይበጃል።

1. መረጃው የመቼ ነው? የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን በ2010 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ ደባርቅ የአዲሱ ሰሜን ጎንደር ዞን ከተማ ሆናለች። ከዚያ በፊት የተሰበሰበን የ“ሰሜን ጎንደር” የምርት አኃዝ በዛሬው ወሰን ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ከእጥፍ በላይ ሊሳሳት ይችላል።

2. ስሞቹ አንድ ናቸው ወይ? ደባርቅ በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ በ“ኬ”፣ ሌላው በ“ኪው” ይጨርሰዋል። ሰው አንድ መሆኑን ያውቃል፤ ኮምፒዩተር ግን ሁለት ከተሞች አድርጎ ይቆጥራቸዋል። ከስም ይልቅ የማይለወጥ የመለያ ቁጥር መጠቀም ይሻላል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ዳባት ላይ ባቋቋመው የሕዝብና የጤና ክትትል ጣቢያ የሚሠራውን የመሰለ ጥናት ለዓመታት ሊቀጥል የሚችለው፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ መለያ ቁጥር ሲኖረው ነው።

3. መስፈርቱ ስንት ነው? ከ1፡50,000 ካርታ የተቀዳ መስመር በኮምፒዩተር ላይ ምንም ያህል ቢጎላ የ25 ሜትር ስሕተቱን ይዞ ነው የሚጎላው።

4. ዳተሙ ምንድን ነው? ይህን ከላይ በዝርዝር አይተነዋል።

5. ቦታው ላይ የሄደ ሰው አለ ወይ? ሳተላይት መንገዱን ያሳያል፤ ድልድዩ በክረምቱ መሰበሩን ግን የሚያውቀው የአካባቢው ሾፌር ነው።

ከየት ልጀምር?

ለሚጀምር ነጋዴ ምክራችን ቀላል ነው። በመጀመሪያ ወር የሚመላለሱባቸውን ገበያዎች፣ መጋዘኖችና የደንበኛ መንደሮች በሞባይል ጂ.ፒ.ኤስ. ይለኩና በደብተር ይመዝግቡ፤ ከቁጥሩ ጎን የገበያ ቀኑን፣ የእህሉን ዓይነትና የማጓጓዣ ዋጋውን ይጻፉ። በሁለተኛው ወር ይህን ወደ ሰንጠረዥ ያስገቡና በኪው.ጂ.አይ.ኤስ. ይክፈቱት። በሦስተኛው ወር የከፍታውን መረጃ ደርበው አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁት፤ “ከየትኛው መንደር አንድ ኩንታል በስንት ብር ይደርሰኛል?” መልሱ ከልምድዎ ጋር ካልተስማማ ኮምፒዩተሩን አይመኑ፤ ልምድዎንም አይጣሉ። ወደ መንደሩ ሄደው ያጣሩ። አብዛኛውን ጊዜ ትርፍ ያለው ሁለቱ በሚለያዩበት ቦታ ላይ ነው።

ቸር ገበያ!